ደጁ ተከፍቷል፤ ቁልፉን ለሰው አትስጡ

የሰፈሬ ሰዎች፣ ሐምሌ ለገበሬው የእርሻና የአረም ወር ነው፤ ለከተሜው ግን የሰልፍ ወር ሆኖ ነው የኖረው። ደረጃ ሐ ይባል የነበረው ትንሹ ነጋዴ የዓመቱን ግብር ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ከፍሎ መጨረስ ነበረበትና፣ ባለ ሱቁም፣ ጸጉር አስተካካዩም፣ ልብስ ሰፊውም ዣንጥላቸውን ዘርግተው፣ ጭቃውን እየረገጡ፣ ከግብር ሰብሳቢው ደጅ ተኮልኩለው ይውሉ ነበር። የንግድ ፈቃድ ማደሻውም በዚያው በሐምሌ 1 ይከፈታል፤ እስከ ታኅሣሥ 30 ድረስም ቅጣት የለበትም። ስድስት ወር ሙሉ ማለት ነው። እኛ ግን አምስቱን ወር በ«ነገ» እንጨርስና በስድስተኛው ተጋፍተን በር እንሰብራለን።

ዛሬ ልመክራችሁ የተነሳሁት ስለዚሁ ሰልፍ ነው። መንግሥት ብዙውን አገልግሎት በስልክና በኢንተርኔት መስጠት ከጀመረ ሰነባብቷል። የንግድ ፈቃድ ከቤት ሳይወጡ ይታደሳል። ግብር በቴሌብር ይከፈላል። የፓስፖርት ማመልከቻ በኢንተርኔት ተሞልቶ፣ ቀጠሮ ተይዞ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ሰው በአካል የሚሄደው ለአሻራና ለፎቶው ነው። ይህ ሁሉ እያለ ግን ገና ሳይነጋ ተነስተን፣ ድንጋይ በስማችን አስቀምጠን ወረፋ የምንይዝ ሞልተናል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

እኔ ያረጀሁት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ የትም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ባለጉዳይ ሰልፍን የሚያየው ከፊቱ ነው፤ እኔ ከጀርባው ሆኜ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ሰልፍ እንዴት እንደሚሠራ በመጀመሪያ ላጫውታችሁ።

ዶሴ በራሱ እግር አይሄድም። ከመዝገብ ቤት ወደ ባለሙያው፣ ከባለሙያው ወደ ቡድን መሪው፣ ከቡድን መሪው ወደ ኃላፊው፣ ከኃላፊው ወደ ማኅተም ያዡ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ እኛ ሲመጣ በየጠረጴዛው የሚያነሳው እጅ ይፈልጋል። እጅ ካላነሳው ባለበት ይከርማል። ባለጉዳዩ ደግሞ ጉዳዩ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ አያውቅም። የሰልፉ ጉልበት ያለው በዚህ አለማወቅ ላይ ነው። የማያውቅ ሰው ይለማመጣል፤ የሚለማመጥ ሰው ደግሞ ኪሱን ይዳብሳል። «ፋይሉ ጠፍቷል» ሲባል ስንቴ ሰምታችኋል? አብዛኛው ጠፍቶ አያውቅም። ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ለሻይ ቡና የሚሆን ነገር ብቅ ሲል እሱም ብቅ ይላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባቶች ለትዝብት ተረቱት፤ አንዳንዱ ሹም ግን የሥራ መመሪያ አደረገው።

ፍርድ እንዳላጎድል፣ ቀን ሙሉ ቆመው ሕዝብ የሚያገለግሉ፣ ምሳቸውን ሳይበሉ የሚውሉ ቅን ሠራተኞችንም አይቻለሁ። እነሱም ቢሆኑ ግን በቀን ከሁለትና ከሦስት መቶ ሰው ጋር በአንድ መስኮት ሲፋጠጡ ቅንነታቸው ከሰዓት በኋላ ላይ ያልቅ ነበር። ሰው ሲታክተው ይቆጣል። ሲቆጣም የሚደርስበት ወገን የሌለው ነው፤ ዘመድ ያለውማ በጓሮ በር ገብቶ ጨርሶ ሄዷል።

ደጅ ጥናት ለእኛ አዲስ አይደለም። በጥንቱ ዘመን ርስቱን የተነጠቀው፣ ሹመት የሚፈልገው፣ የተበደለው ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ፣ ነጠላውን አደግድጎ ከመኳንንቱ ደጅ ይቆም ነበር። ክረምት ከበጋ ይፈራረቅበት ነበር። በ1967 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቁመው ቀበሌ የምንለው ነገር ሲመጣ ደጁ ወደ ሰፈራችን ቀረበ። መቆሙ ግን አልቀረም። ጌታው ሄዶ ሊቀመንበሩ መጣ፤ ሊቀመንበሩ ሄዶ ሥራ አስፈጻሚው መጣ፤ እኛ ያው ከደጅ ነን። እንዲያውም ከቆምንበት ብዛት የተነሳ ብዙዎቻችን መንግሥት ማለት መስኮት፣ ዜጋ ማለትም አንገቱን ወደ መስኮቱ ያሰገገ ሰው ይመስለን ጀመር።

አሁን እየመጣ ያለውን ነገር በዚህ በኩል እዩት። ስልክህ ላይ ማመልከቻህን ስትሞላ ያ ኮምፒውተር የማን ልጅ እንደሆንክ፣ ከየት እንደመጣህ፣ ጫማህ ጭቃ ይሁን ቆዳ አያይም። ቁጥር ይሰጥሃል፤ ጉዳይህ የት እንደደረሰ በዚያ ቁጥር ትጠይቃለህ። ከከፈልክም ደረሰኙ በስልክህ ይመጣል፤ «ትናንት የተቀበለኝ ልጅ ዛሬ የለም» የሚባል ነገር የለም። ባለጠጋውማ ድሮም ሰልፍ አያውቀውም፤ ሰው ይልካል፣ ስልክ ይደውላል። ይህ ነገር ከማንም በላይ የሚጠቅመው ዘመድ የሌለውን ነው። ስለዚህ «ይኼ የሀብታምና የተማረ ሰው ነገር ነው» የምትሉ ወንድሞቼ ነገሩን ገልብጣችሁ ይዛችሁታል።

ሌላው የሚያስቸግረን የወረቀት ፍቅር ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም የወረቀት ሰው ነኝና ተረቱ ይገባኛል። ክቡን ማኅተም፣ ሰማያዊውን ቀለም፣ የኃላፊውን ጥምዝምዝ ፊርማ ያላየ ሰው ጉዳዩ ያለቀለት አይመስለውም። ይሁን እንጂ በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 አንድ ሰነድ በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለተዘጋጀ ብቻ ሕጋዊ ዋጋውን አያጣም ብሎ ደንግጓል። ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ስትራቴጂም የጸደቀው በዚያው ዓመት ነው። ማኅተምን እኔ ታዘቡት እላችኋለሁ፤ ስንት የሐሰት ማኅተም በየጀርባ ሱቁ ሲቀረጽ ኖሯል! በስልክ ካሜራ የሚነበበው ያ ባለ ነጠብጣብ አራት ማዕዘን ምልክት ከጎማ ማኅተም ይልቅ ለአጭበርባሪ ይከብደዋል።

ለዚህ ሁሉ መሠረቱ ፋይዳ የሚባለው መታወቂያ ነው። በ2015 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1284 የቆመ ነው። ምዝገባው በነጻ ነው፤ ማንም «ላስመዝግብህ» ብሎ ገንዘብ ቢጠይቅህ አትስጥ። አሥሩን ጣትህን፣ የዓይንህን ብሌንና የፊትህን ፎቶ ይወስዱና 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጡሃል። በእሳትና በውሃ ጣቷ ያለቀ እናት፣ አሻራው በድንጋይ ጠረባ የተፋቀ ሠራተኛ ዓይናቸው ይመሰክርላቸዋል። ባንኮችም አካውንት ለሚከፍት ሰው ፋይዳ መጠየቅ ጀምረዋል። ያልተመዘገባችሁ ካላችሁ፣ ሳይቸግራችሁ ሂዱና ተመዝገቡ። ቸግሯችሁ ስትሄዱ ያው ያን ሰልፍ ታገኙታላችሁ።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ አንዱ በልቡ የሚለኝን እሰማለሁ። «አባባ፣ ይኼ ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን መች አየን?» መብራት ይጠፋል። ኔትወርክ ይቆራረጣል። ገጹ ይከፈትና ልክ ገንዘቡ ጋ ሲደርስ ይዘጋል። አንዳንዱ ቅጽ እንግሊዝኛ ይበዛበታል። እውነት ነው፤ አልከራከራችሁም። ድሮ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባል የነበረው ዛሬ «ሲስተም የለም» ሆኖ መምጣቱን እኔም ታዝቤያለሁ። ስብሰባ ላይ ያለ ኃላፊ ማታ ይወጣል፤ ሲስተሙን ግን ማን ይጠይቀዋል?

ስለዚህ ከመስኮቱ ወዲያ ላላችሁ ልጆቻችንም አንድ ቃል አለኝ። መሥሪያ ቤታችሁ ስልክ ሳይኖራት፣ ፊደል ሳትቆጥር በእግሯ የመጣችን እናት «በኦንላይን ነው የምንቀበለው» ብሎ ከመለሰ፣ ደጅ ጥናቱን አላስቀረም፤ ደጁን አራቀው እንጂ። የሚችለው በስልኩ ሲጨርስ ሰልፉ ያጥራል። ያጠረው ሰልፍ ደግሞ የማይችለውን በትዕግሥት ለማስተናገድ ነው። በ2017 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት የብዙ መሥሪያ ቤቶችን ጉዳይ በአንድ ጣራ ሥር አሰባስቧል። በእግሩ የሚመጣ ሰው ከአንዱ ክፍለ ከተማ ወደ ሌላው ሲንከራተት እንዳይውል ያለ ነገር ነውና ደግ ሐሳብ ነው። ሁለቱም መንገድ ክፍት ይሁን።

ለእኛ ግን የምለው ይህ ነው፤ ያለበትን ጉድለት እያየን አንራቀው። ያልተጠቀምንበትን ነገር ማን ያርመዋል? ገጹ ሲዘጋብህ ሰዓቱንና የተጻፈውን መልእክት በስልክህ ፎቶ አንሳው፤ ያንን ይዘህ ጠይቅ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ጠያቂ እንዳለው የሚያውቅ መሥሪያ ቤት ይጠነቀቃል።

ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ሰልፉ ሲቀር በሰልፉ ይበላ የነበረው ሰው ወዴት የሄደ ይመስላችኋል? ሥራውን ትቶ ንስሐ ገባ? ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ተቀምጧል! «አምጣ፣ እኔ ልሙላልህ» ይላል። ስልክህን ይቀበላል፤ የምስጢር ቁጥርህን ይጠይቃል፤ በስልክህ የመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር «ንገረኝ» ይልሃል። አንተም ምስጋናህን ከነገንዘቡ ጨምረህ ትሰጠዋለህ። መንግሥት አንድ ደጅ ከፈተልህ፤ አንተ በዚያ ደጅ ላይ ዘበኛ ቀጥረህ እንደገና ደጅ ልትጠና ቆምክ። በቴሌግራምና በፌስቡክም «ፓስፖርት በሦስት ቀን እናደርሳለን፣ ግማሹን አሁን ላኩ» የሚሉ አሉ። ገንዘቡን ከላክህ በኋላ ስልካቸው አይነሳም። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ለእንዲህ ያለው ነው።

የጎተራህን ቁልፍ ለመንገደኛ ሰጥተህ፣ ስንት ቁና እንደወሰደ በኋላ ማንን ትጠይቃለህ? የምስጢር ቁጥርና በስልክ የሚመጣው የማረጋገጫ ቁጥር ያ ቁልፍ ናቸው። ከባንክም፣ ከቴሌም፣ ከየትኛውም መሥሪያ ቤት ነኝ የሚል ሰው ደውሎ እነዚህን ከጠየቀህ ሌባ ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ድምፁ የለሰለሰ፣ ስምህንም የሚያውቅ ሊሆን ይችላል። «ዕጣ ደርሶሃል» ይልሃል፤ ወይም «ሒሳብህ ሊዘጋ ነው» ብሎ ያስደነግጥሃል። ሁለቱም ያው ናቸው፤ አንዱ በጉጉት፣ አንዱ በፍርሃት ያስቸኩልሃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ስልኩን ዝጋ፣ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ልጅህን አማክር። የመንግሥት ገጽ ነው የሚሉህንም አድራሻውን እስከ ጫፉ አንብበው፤ መጨረሻው ጎቭ፣ ነጥብ፣ ኢቲ ካልሆነ እጅህን ሰብስብ።

የግል መረጃን ስለመጠበቅ በ2016 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ መልካም ነው። መረጃህን ያለአግባብ የተጠቀመበት ይጠየቃል። ነገር ግን ራስህ በገዛ አፍህ ላቀበልከው ቁጥር አዋጁ ምን ያድርግልህ? ደጅህን ሳትዘጋ ሰውን ሌባ አትበል ይላል የእኛ ሰው።

አሁን ደግሞ ወደ ቅጹ። የመዝገብ ቤት ሰው ስለሆንኩ እዚህ ላይ ብዘገይ አትታዘቡኝ፤ ብዙ ቤት ሲፈርስ ያየሁት በዚህ ነው። ስም! «ኃይሉ» የሚለውን አንዱ በብዙኃን ኃ፣ አንዱ በሐመሩ ሐ፣ አንዱ በሃሌታው ሀ ይጽፈዋል። በላቲን ፊደል ሲሆንማ ጉድ ነው፤ አንድ መሐመድ በልደት ወረቀቱ ሌላ፣ በትምህርት ማስረጃው ሌላ፣ በፓስፖርቱ ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። ሰውየው አንድ፣ ስሙ ሦስት! ውርስ ሲመጣ፣ ጡረታ ሲመጣ፣ ልጅ ውጭ አገር ሲጠራህ «አንተ ያኛው መሆንህን አስረዳ» ትባላለህ። ስለዚህ ከመሙላትህ በፊት ያሉህን ሰነዶች ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ አስተያያቸው። የትኛው አጻጻፍ እንደሚበዛና የትኛው እንደሚከብድ ለይተህ፣ አንዱን ያዝ። ከዚያ በኋላ ዕድሜህን ሙሉ በእሱ ሂድ።

ቀን ከስምም ይብሳል። እኛ የምንቆጥረው በራሳችን ዘመን ነው፤ ቅጹ አንዳንድ ጊዜ የሚጠይቀው በፈረንጆቹ ነው። በሁለቱ መካከል ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለ። በ1970 ዓ.ም የተወለደ ሰው ሳያስተውል በፈረንጆቹ ቦታ 1970 ብሎ ቢያስገባ በአንድ ጣት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አረጀ ማለት ነው። በ60 ዓመት ጡረታ በሚወጣበት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ከሆነ፣ ልጆቹ ገና ትምህርት ሳይጨርሱ እሱ በጊዜ ወደ ቤቱ ይሸኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ኢንተርኔት ቤት ያለው ልጅ ደግሞ ሃያ ሰው ከኋላ ቆሞበታል፤ ቢቸኩል አይፈረድበትም። የሚፈረደው ስክሪኑን ዞር አድርጎ ሳያይ «ላከው» ባለው ባለጉዳይ ላይ ነው። ቆሞ የሰቀሉትን ቁጭ ብሎ ለማውረድ ይቸግራል፤ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ የገባ ስህተት ለመታረም የፍርድ ቤት ደጅ ድረስ ሊያስኬድ ይችላል።

ስለ ስልክ ቁጥርም ልብ በሉ። አንዲት እናት የያዘችው ሲም ካርድ በማን ስም ነው? ብዙ ጊዜ ልጇ አውጥቶ የሰጣት ነው። ወይም ደግሞ ስትመዘገብ የልጇን ቁጥር ሰጥታለች። ልጅየው ዱባይ ሄደ፤ ቁጥሩ ተዘጋ፤ ወይም ለሌላ ሰው ተላለፈ። እሷ እዚህ ጉዳይ ልትጨርስ ስትቀመጥ የማረጋገጫው ቁጥር የሚሄደው ወደማታውቀው ሰው ኪስ ነው። ቁጥራችሁ በስማችሁ ይሁን፤ ለፋይዳም፣ ለባንክም የምትሰጡት የማይለዋወጥ አንድ ቁጥር ይሁን። ዘመናዊ ስልክ የሌላችሁም አትሸማቀቁ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ከተጀመረ ጀምሮ *127# ብሎ በባለ ቁልፉ ስልክ ይሠራል፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም።

ለወጣቶቹ የምለው አለ። እናንተ ቪዲዮ ስታዩ የምታጠፉትን ጊዜ አልቆጥርባችሁም፤ ጊዜው የእናንተ ነው። ነገር ግን አባታችሁ ስልኩን ይዞ «እስቲ ይኼን አሳየኝ» ሲላችሁ ነጥቃችሁ፣ በጣታችሁ ጠራርጋችሁ፣ «በቃ አለቀ» ብላችሁ አትመልሱለት። እንዲህ ካደረጋችሁት እናንተም የቤት ውስጥ ደላላ ሆናችሁ። እሱ ይንካው፤ ይሳሳት፤ ይመለስ። እናንተ ስትራመዱ ስንቴ እንደወደቃችሁ እሱ ቆጥሮ አልነገራችሁም። እናንተም እኩዮቼ፣ ጋቢያችሁን ከነክብራችሁ ልበሱና ከልጅ ተማሩ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለቄሱ ብቻ አይደለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚሉት፣ አንድ ጊዜ አምስት መቶ ብር ወደማያውቀው ሰው ልኮ ከዚያ በኋላ ስልክ ይፈራ የነበረ ሽማግሌ አውቃለሁ። አሁን ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስም ጮክ ብሎ ያነባል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማዋል እንጂ ስህተት የለም።

ባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻችንም በዚህ ይረዱናል። ሪያድና ጅዳ ያሉት የሳዑዲን መንግሥት ጉዳይ አብሸር በሚባለው መተግበሪያ መጨረስ ለምደዋል፤ ኤምባሲ ደጅ መቆም ለእነሱ የአንድ ቀን ደመወዝ ነው፣ አሠሪዋን ፈርታ ለምትኖረውም ከዚያ በላይ ነው። እነሱ ሲደውሉ «እማዬ፣ እንዲህ አድርጊው» ቢሉ ስሟቸው። ግን እነሱንም ቢሆን የምስጢር ቁጥሩን በስልክ አትንገሯቸው። ልጅህን ተጠራጥረህ ሳይሆን የልጅህን ድምፅ አስመስለው የሚደውሉበት ዘመን ስለመጣ ነው።

እድራችን በዚህ ጉዳይ ተነጋግሯል። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ለሰፈሩ ወጣቶች ሥራውን አከፋፍለነዋል። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ፣ መዋጮ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በድንኳኑ ማስቀመጫ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያልቻለውን ሰው ያግዛሉ። ሕጉ ሁለት ነው። ወጣቱ ያሳያል፣ ይጽፋል፤ የምስጢር ቁጥሩን ግን ባለቤቱ በራሱ ጣት ይጫናል፣ በዚያን ጊዜ ወጣቱ ፊቱን ያዞራል። ሁለተኛው፣ ለዚህ አገልግሎት ሳንቲም የሚቀበል ወጣት ቢገኝ ከዝርዝሩ ይወጣል። ሻይ ልጋብዝህ የምትሉም ሰዎች ተዉአቸው፤ ሻይ ነው የጀመረው ድሮም።

የንግድ ፈቃድ የምታሳድሱ ከፊታችን ካለው የወር መጀመሪያ እሁድ ጀምራችሁ ኑ፤ ታኅሣሥን አትጠብቁ። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ፣ መታወቂያችሁንና የአምናውን ፈቃድ ይዛችሁ ኑ። መነጽር ያላችሁ መነጽራችሁን እንዳትረሱ። ባለፈው ጊዜ ሦስት ሽማግሌዎች በአንድ መነጽር እየተቀባበልን ስናነብ ልጆቹ ሳቁብን።